በሙቀት ወቅት ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሲሄዱ

ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ላብን ከቆዳ ላይ ወዲያው ያደርቀዋል። ላቡን ያላየ ሰው አልሞቀኝም ብሎ ሦስት አራት ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። ውሃ ውስጥ የገባውም ጀርባው ሲቃጠል አይታወቀውም፤ የሚታወቀው ማታ ሸሚዝ ሲለብስ ነው። በሐሩር አገር ባሕር ዳርቻ፣ ይልቁንም ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት፣ ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ቀዝቀዝ ባለ ነገር ተሸፍኖ ነው። ስለዚህ ውሃውንም፣ ቅባቱንም፣ ጥላውንም ሰውነት እስኪጠይቅ ሳይጠብቁ ሰዓቱ ሲደርስ መስጠት ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር፦ እዚህ የምንጠራው ከፀሐይ መውጫ የሚቆጠረውን ሰዓት ነው። በጀልባ ትኬት፣ በሆቴል ማስታወቂያና በስልክ የአየር ትንበያ ላይ የሚያዩት በስድስት ሰዓት ይለያል፤ እዚያ 10፡00 ተብሎ የተጻፈው ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ትኬት ሲቆርጡ ልዩነቱን ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉት።

መቼ መሄድ፣ የት ማረፍ

ዝናቡ ወቅት ጠብቆ በሚመጣባቸው የሐሩር ዳርቻዎች እጅግ የሚሞቀው ከዝናቡ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። በታይላንድ ከማርች እስከ ሜይ፣ በሕንዷ ጎዋ ኤፕሪልና ሜይ፣ ከምድር ወገብ በታች ባለው የኬንያ ጠረፍ ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ባሕሩ ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ነው፤ ዝናቡ ሲቃረብ ግን ሞገዱ ይከብዳል፣ ወበቁ ይብሳል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይጀምራል። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ የወቅቱን የመጀመሪያ አጋማሽ ይውሰዱ።

ብዙ ቦታ ሙቀቱ ሲበረታ እንግዳ ስለሚቀንስ ሆቴሎች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ አገልግሎትም አብሮ ይቀንሳል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ የደሴት ጀልባዎች በእነዚህ ቀናት ይሠራሉ ወይ? ዳርቻው ላይ ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ ወይ? ስንት ሰዓት ይገባል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ይችላል ወይስ አምፖል ብቻ ያበራል? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ሁሉም ኤሲ በሚከፍትበት ወቅት መብራት መቆራረጡ የተለመደ ነው፤ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ ያለ ኤሲ ማደር ደግሞ የሚቻል አይደለም።

ክፍል ሲመርጡ ለባሕሩ ያለውን ቅርበት ሁሉም ያያል። ከዚያ በላይ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፎቁ ነው። ጣሪያው ራቁቱን ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የመጨረሻ ፎቅ፣ ኮንክሪቱ ያጠራቀመውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ውስጥ ይለቃል። ክፍሉን ሲያሳዩዎት መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይም የሚሞቅ ከሆነ ሌላ ክፍል ይጠይቁ። ምድር ቤት ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ትንኝ ይበዛበታል። መሃል ላይ ያለው ፎቅ ይሻላል። ሁለተኛው አቅጣጫው ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስኮት ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል፤ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ግን ምድጃ ይሆናል። ሦስተኛው ነፋሱ ነው። ቀን ላይ ምድሩ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ምድር ይገባል። ይህ ነፋስ የሚደርሰው ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት ለተያየ ክፍል ነው። ከረጅም ሕንፃ ጀርባ ያለ ክፍል ከባሕሩ መቶ እርምጃ ብቻ ቢርቅም ነፋሱን አያገኝም።

ኤሲውን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርገው ማራገቢያውን አብረው ይክፈቱት። 18 ላይ አድርጎ እየወጡ መግባት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሰውነት ሙቀቱን እንዳይለምድ ያደርጋል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

ከቀዝቃዛ አካባቢ የሄደ ሰው ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ዋናው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በእነዚህ ቀናት ሰውነት ቶሎና አብዝቶ ማላብ ይማራል፣ በላብ የሚያጣውን ጨው ይቀንሳል፣ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽም ይጨምራል። እስከዚያው ድረስ ትንሽ ደረጃ መውጣት ልብን ያስመታል፣ እግር ያብጣል፣ ራስ ይከብዳል። ስለዚህ ረጅሙን የእግር ጉዞ፣ የብስክሌቱን ሽርሽርና ቀኑን ሙሉ የሚውለውን የጀልባ ጉዞ በመጀመሪያው ቀን አያስይዙ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ውጭ መንቀሳቀስ ግን ማለማመጃው ስለሆነ አይተውት። የአንድ ሳምንት እረፍት ብቻ ያለዎት ከሆነ ከባዱን ነገር አምስተኛው ቀን ላይ ያድርጉት።

የቀኑ አከፋፈል

በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በሐሩር ቀጠና ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ስለምትቆም በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ጥላዎ እግርዎ ሥር ይገባል። ለዚህም ቀላል መለኪያ አለ፤ ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው፣ ይከለሉ።

አንድ ስህተት እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያጠቃል። ማለዳ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ የባሕሩ ነፋስ ገና አልተነሣም። አየሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ወበቁ ያፍናል፣ ሰውም "ጠዋቱ እንዲህ ከሆነ ቀትሩ እንዴት ሊሆን ነው" ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከ5 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ 7 እና 8 ሰዓት ላይ ይበረታል፣ አየሩ ቀለል ያለ ይመስላል። ያኔ ይወጣል። በዚህ ሰዓት ጨረሩ ከማለዳው ብዙ እጥፍ ነው። በሐሩር አካባቢ ቀትር ላይ የዩቪ (ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር) መለኪያው 11ን ማለፉ የተለመደ ነው፤ 11ና ከዚያ በላይ የመለኪያው የመጨረሻው፣ "እጅግ ከባድ" የሚባለው ደረጃ ነው። ስልክዎ ላይ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን የዩቪ ቁጥሩንም ያንብቡ።

እንግዲህ ቀኑን እንዲህ ይከፋፍሉት። ከ12 እስከ 3 ሰዓት የእርስዎ ነው፤ መዋኘቱን፣ መራመዱን፣ ልጆችን አሸዋ ላይ ማጫወቱን ያኔ ይጨርሱ። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ ይሁኑ፤ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ንባብ። ከ10 ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ እንደገና ይውጡ። ጨለማ ግን በሐሩር አገር ቶሎ ነው የሚወርደው፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይን ማየት ያቅተዋል። በድንጋያማ ዳርቻ ርቀው የሄዱ ከሆነ መመለሻውን አስቀድመው ያስሉ። ከተማውን ማየት፣ ገበያ መዞር፣ እራት መብላት የምሽት ሥራ ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በልኩ

ቅባቱ አልሠራም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የቀቡት ከልኩ ግማሽ በታች ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው፣ የቅባቱን የመከላከል አቅም የሚያሳየው የኤስፒኤፍ ቁጥር የሚለካው በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ይህ ለአንድ አዋቂ ሰው ሙሉ ሰውነት 35 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። አንድ ማንኪያ ለፊት፣ ለአንገትና ለጆሮ፤ አንድ አንድ ለየእጁ፤ አንድ ለደረትና ለሆድ፤ አንድ ለጀርባ፤ አንድ አንድ ለየእግሩ። የመጀመሪያውን ቀን በእውነተኛ ማንኪያ እየለኩ ይቀቡ፤ ከዚያ ወዲያ መዳፍዎ ልኩን ያውቀዋል። በዚህ ስሌት 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለሙሉ ሰውነት ስድስት ጊዜ እንኳ አይደርስም። ባለ እጅጌ የዋና ልብስ መልበስ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ጀርባን፣ ትከሻንና ክንድን ከሸፈኑ የሚቀረው ፊት፣ እጅና እግር ብቻ ነው።

ኤስፒኤፍ 30 ከሚያቃጥለው ጨረር 3 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል፣ 50 ደግሞ 2 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በልኩ መቀባቱና መድገሙ ከቁጥሩ ይበልጣል። ከመውጣትዎ 15 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙ፣ ከውሃ ወጥተው በፎጣ ከተደረቁ ሁለት ሰዓት ሳይጠብቁ ወዲያው ይድገሙ። "ውሃ የሚቋቋም" የተባለውም ፎጣን አይቋቋምም። የሚረሱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የጆሮ ጫፍ፣ ማጅራት፣ የእግር ጀርባ፣ የጉልበት ቋንጃ፣ ፀጉር የተከፈለበት መስመር፣ ከንፈር። በመነጽር ዓሣ ለማየት ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ደፍተው የሚንሳፈፉ ሰዎች ቋንጃቸውና ወገባቸው ነው የሚቃጠለው። የሚረጨው ዓይነት ነፋስ ባለበት ቦታ አብዛኛው ወደ አየር ይሄዳል፤ እዚያ የሚቀባው ይሻላል።

ጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በቂ አይደለም። ይቃጠላል፣ ይላጣል፣ ጠባሳና ማድያት ያወጣል፤ ዓይን ደግሞ በማንም ላይ ቢሆን መከላከያ የለውም። ደረቅ አሸዋ ከሚያርፍበት ዩቪ 15 በመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋ 25 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ግማሽ ሜትር ውሃ ሥር ሆነው እንኳ ከላይ ካለው ጨረር 40 በመቶው ይደርስዎታል። ስስ ደመናም ከ90 በመቶ በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ጃንጥላ ሥር ለተቀመጠም፣ ደመና ላጠላበት ቀንም ቅባቱ ያስፈልጋል። መነጽርዎ ላይ "ዩቪ 400" መባሉን ይመልከቱ፤ መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይከላከልም።

ዕድሜው ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ቅባት አይቀባም፤ ጥላና ስስ ልብስ ነው የሚጠብቀው። ቅባቱን መኪና ውስጥ አይተዉት፣ በሙቀት ይበላሻል። ኮራል (ድንጋይ የሚመስል ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት) ያለበት ባሕር ከሆነ ኮራልን ይጎዳሉ የሚባሉት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች የሌሉበትን ይምረጡ፤ የአሜሪካዋ ሃዋይ እነዚህ ያሉባቸውን ቅባቶች ሽያጭ ከ2021 ጀምሮ ከልክላለች። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ጥሩ ምትክ ነው።

ሁለት የቆዳ አደጋዎች ከቅባት ጋር አይያያዙም፣ ግን ሰው አያውቃቸውም። መጠጥ ውስጥ ሎሚ ጨምቀው እጅዎን ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ ከተቀመጡ፣ ጭማቂው የነካው ቆዳ በማግስቱ ውሃ ቋጥሮ ሊነሣና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ ሊተው ይችላል። ሎሚ ከጨመቁ በሳሙና ይታጠቡ። ሌላው በዳርቻው የሚዞሩ ሰዎች የሚቀቡት "ጥቁር ሂና" ነው። እውነተኛ ሂና ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ነው፤ ጥቁር የሚያደርገው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ሲሆን ቆዳን አቁስሎ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። በተለይ ልጆችን አያስቀቡ።

ውሃና ጨው

ጥም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ብርጭቆ ይጠጡ፣ ውጭ ሳሉ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። ልክዎን ሽንትዎ ይነግርዎታል፤ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ ከጠቆረ ወይም ከጠዋት ጀምሮ እስከ ቀትር ካልመጣ ፈሳሽ አጥሮዎታል። በሌላው ጫፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ባዶ ውሃ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱ ሕመም ያመጣል። ብዙ ያላበ ሰው ጨው ያለበት ምግብ ይብላ።

ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ሁለት ሦስት ከረጢት ይያዙ። ካለቀ ወይም ካልተገኘ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ጨው ሲበዛ ይጎዳል፤ ቀምሰው ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ደፍተው እንደገና ይሥሩ። አልኮል ፈሳሽ ያስወጣል፣ ፍርሃትንም ያጠፋል። ከጠጡ ባሕር አይግቡ።

አሸዋውና ልብሱ

ቀትር ላይ ደረቅ አሸዋ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ውስጥ እግርን ውሃ ያስቋጥራል። ጠዋት ባዶ እግራቸውን ገብተው ቀትር ላይ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው የሚያዙት። ነጠላ ጫማዎን ውሃው ዳር ድረስ ይዘው ይውረዱ። ልጅ ከማውረድዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ አሸዋው ላይ አምስት ሰከንድ ያሳርፉ፤ እርስዎ ካልቻሉት ልጁም አይችለውም።

ልብስ ሰፊና ስስ ይሁን፣ ባርኔጣው ዙሪያውን ክፈፍ ያለው። እርጥብ የዋና ልብስ ለብሶ መዋል ጭንን ይልጣል፣ ፈንገስም ያመጣል፤ ደረቅ ቅያሪ ይያዙ፣ የሚፋተግበትን ቦታ ቫዝሊን ይቀቡ። አንገትና ብብት ላይ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ከወጡ ላብ መውጫው ተደፍኗል ማለት ነውና ቅባት አይጨምሩበት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው አየር ያስነኩት።

ካሜራና ስልክ ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥተው ወበቁን ሲያገኙ መስተዋታቸው ላይ ጤዛ ይቋጥራሉ። በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆዩዋቸው።

ባሕሩ

የሐሩር ባሕር በሙቀት ወቅት 29 ወይም 30 ዲግሪ ይደርሳል። ደስ ይላል፣ ግን የሚታሰበውን ያህል አያቀዘቅዝም፤ የሚዋኝ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖም ያልባል።

ትልቁ አደጋ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት ነው። ሞገዱ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ ተመልሶ መውጣት ስላለበት ጠባብ መተላለፊያ ያበጃል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ፊት ለፊት ታግሎ የሚያሸንፍ ዋናተኛ የለም ማለት ይቻላል። የከፋው መልኩ ነው፦ ግራና ቀኙ ሞገድ እየተሰበረ ነጭ ሲሆን መሃሉ ጠቆር ብሎ፣ ሞገድ አጥቶ፣ ጸጥ ብሎ ይታያል። ዋና ያልለመደ ሰው ለልጆቹ የሚመርጠው ያንን ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው አሥር ደቂቃ ይመልከቱ። ሞገድ የማይሰበርበት ክፍተት፣ የደፈረሰ ውሃ፣ ወደ ውስጥ የሚሄድ አረፋ ወይም ቅጠል ካዩ እዚያ አይግቡ።

ከተያዙ፦ ጅረቱ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አያሰምጥም። የሚያሰምጠው ድካም ነው። ተንጋለው ይንሳፈፉ፣ እጅዎን ከፍ አድርገው ያሳዩ፣ ይጩሁ። አቅም ካለዎት ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙ እንጂ ወደ ዳርቻው አይዋኙ፤ ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ ሲደርሱ ሞገዱን ተከትለው በሰያፍ ወደ ዳርቻው ይመለሱ። ሌላ ሰው ሲወሰድ ካዩ ዘለው አይግቡ። ነፍስ አድን ሠራተኛ ይጥሩ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለት፤ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን እንኳ ሰው ይይዛል። ሊያድኑ ገብተው የሚሞቱ ሰዎች በየዓመቱ አሉ።

ባንዲራውን ይወቁ። በብዙ አገር ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነው ጠባቂ ያለበትን ቦታ ያመለክታል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ባንዲራዎች በተተከሉበት መሃል ይዋኙ። ቀይ ማለት አትግቡ፣ ሐምራዊ ማለት ተናዳፊ የባሕር እንስሳ አለ ማለት ነው። ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም፣ አያጨበጭብም፤ ጸጥ ብሎ ነው። እጅዎን ዘርግተው ከሚነኩት ርቀት አያስወጡት፤ የሚነፋ መጫወቻም ጠባቂ አይደለም፣ ከምድር የሚነፍስ ነፋስ ካገኘው ይዞት ይሄዳል።

ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ሆቴሉን ይጠይቁ። በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ባሕሩ ጎድሎ ሳለ በገደል ሥር ዞረው የገቡበት ትንሽ ዳርቻ ሲሞላ መውጫ የለውም። ነጎድጓድ ከሰሙ ወዲያው ከውሃ ይውጡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ አይመለሱ። ኮኮናት ዛፍ ሥርም አያንጥፉ፤ ፍሬው ከባድ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል።

ሲነደፉ

አደገኛው ጄሊፊሽ (እንደ ክር በተንጠለጠሉ እጆቹ የሚነድፍ ዝልግልግ የባሕር እንስሳ) በሙቀት ወቅት የሚበዛባቸው ባሕሮች አሉ፤ በሰሜን አውስትራሊያ ወቅቱ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ነው። ቦክስ ጄሊፊሽ ባለበት ባሕር አንድ ጠርሙስ አቼቶ ይያዙ፤ የተነደፈውን ቦታ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ያፍስሱበት፣ ከዚያ ክሩን በወረንጦ ያንሡ፣ ፈጥነው ወደ ሕክምና ይሂዱ። በአሸዋ አይሹት፣ በንጹሕ ውሃም አይጠቡት፤ ሁለቱም ያልፈነዳውን መርዝ ያፈነዱታል። ማጠብ ካስፈለገ በራሱ በባሕር ውሃ ይሁን።

ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) እና ድንጋይ መሳይ ዓሣ ግን በሙቅ ውሃ ነው የሚረቱት። የተወጋውን እግር ሰው ሊቋቋመው በሚችል ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩት። ሙቀቱን ባልተጎዳው እግር ይፈትኑ፤ የተወጋው ስሜቱን ስለሚያጣ ሳያውቁት ሊቃጠል ይችላል። ስቲንግሬይ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲሄዱ እግርዎን ሳያነሡ አሸዋውን እየጎተቱ ይራመዱ፤ ንዝረቱን ሰምቶ ይሸሻል። የባሕር ጃርት ባለበት ድንጋይ ላይ የውሃ ጫማ ያድርጉ። የሾጣጣ ዛጎል ነዋሪዎች መርዘኛ ናቸውና ቢያምሩም አያንሡ። ኮራል የቧጠጠው ቁስል ትንሽም ቢሆን ያመረቅዛል፤ በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡት።

ምግብ፣ ትንኝና መድኃኒት

ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ አይበላ። ሲበስል የሚያዩት፣ እየጨሰ የሚቀርብ ምግብ የተሻለ ዋስትና ነው። ምንጩ ያልታወቀ በረዶና ተልጦ የተቀመጠ ፍራፍሬ ይቅርብዎት። በኮራል አካባቢ የተያዙ ትልልቅ ዓሣ በል ዓሣዎች፣ ለምሳሌ ባራኩዳ፣ በመቀቀልም በማቀዝቀዝም የማይጠፋ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ ትንንሹን ዓሣ ይምረጡ።

ደንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ትናከሳለች፣ የወባዋ ሌሊት። ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (ትንኝ የሚያባርር ንጥረ ነገር) ያለው መከላከያ ይቀቡ፤ የፀሐዩን ቅባት አስቀድመው፣ የትንኙን ከላይ። ደንጊ ባለበት አገር ትኩሳት ከያዘዎት ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ መድማትን ያባብሳሉ።

ለወባ መከላከያ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ እጅግ ያጋልጣል። ወደ ባሕር ዳርቻ እንደሚሄዱ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ሌላ ምርጫ ሊኖር ይችላል። ለደም ግፊት ውሃ የሚያሸኑ መድኃኒቶችን የሚወስዱም ከመሄዳቸው በፊት ያማክሩ። ኢንሱሊን ሙቀት አይችልም፤ ከረጢቱን በጥላ ያቆዩት፣ ከበረዶ ጋር ግን በቀጥታ አይነካካ።

ሙቀት ሲጥል

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ብዙ ላብ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውየውን ጥላ ውስጥ ያስተኙት፣ እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ ልብሱን ያላሉ፣ ቆዳውን አርጥበው ያራግቡለት፣ በትንሽ በትንሹ ኦአርኤስ ያጠጡት። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ያለበትን ካላወቀ፣ ከተንገዳገደ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ራሱን ከሳተ ሂት ስትሮክ የሚባለው ገዳይ የሙቀት ሕመም ነው፤ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሷል ወይም አልፏል። ላቡ መቆሙን አይጠብቁ፤ እያላበውም ይሆናል። አምቡላንስ ይጥሩና እዚያው ማቀዝቀዝ ይጀምሩ፤ ደቂቃዎች ናቸው የሚለዩት። በረዶ የተጨመረበት ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ መንከር ከሁሉ ይበልጣል፤ ጭንቅላቱን የሚይዝ ሰው ይኑር። ገንዳ ከሌለ የአልጋ አንሶላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያልብሱት፣ እየደጋገሙ ያርጥቡ፣ ያራግቡ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ በረዶ ያድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አያጠጡ። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርደውም።

የቆመ መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ለውጥ አያመጣም። ልጅን ለአንድ ደቂቃም አይተዉ።

ሲመለሱ

በታመቀ አየር ሲሊንደር እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ ከጠለቁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቀው ከወጡ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩ። የውሃ ጫማውንና መነጽሩን ከጨው ነጻ በሆነ ውሃ አጥበው በጥላ ያድርቁ። ወባ ባለበት አካባቢ ቆይተው ከተመለሱ የመከላከያ መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ልክ ይጨርሱ፤ ቤት ገባሁ ብሎ ማቋረጥ ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው። ከተመለሱ ከሳምንት በኋላ፣ ከወራትም በኋላ ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዘዎት በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ የት አገር ቆይተው በየትኛው ቀን እንደተመለሱም ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።